የቢልሃርዝያ በሽታና በሰውነት ውስጥ የሚተወው ጠባሳ

ከአሶሳ ወደ ሱዳን ድንበር የሚወርድ መንገደኛ ኩርሙክ ከምትባለው ቆላማ ስፍራ ይደርሳል። ኩርሙክ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል የምትገኝ ስትሆን በሕክምና መጻሕፍት ስሟ የሚነሣው በአንድ በሽታ ምክንያት ነው፤ ይኸውም ሽንትን ከደም ጋራ የሚቀላቅለው የቢልሃርዝያ ዓይነት ነው። በአገራችን ይህ ዓይነቱ በሽታ የታወቀባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ እነርሱም የመካከለኛውና የታችኛው አዋሽ ሸለቆ፥ የታችኛው ዋቢ ሸበሌ ሸለቆና ይህችው ኩርሙክ ናቸው። እኛም ዛሬ ለቤተ ሰብ ሁሉ ይጠቅማል ብለን፥ በሽታው በሰውነት ውስጥ ጠባሳን እንዴት እንደሚፈጥር በአጭሩ እናስረዳለን።

የበሽታው ምክንያት በደም ሥር ውስጥ የሚኖር ቀጭን ትል ነው። ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1851 ዓ.ም. በካይሮ ስላገኘው በሽታው በእርሱ ስም ተጠርቶአል። የታመመ ሰው በወንዝ ወይም በኩሬ ውስጥ ሲሸና እንቁላሉ ከውሃው ይገባል፤ ከእንቁላሉም የሚፈለፈለው እጭ በውሃ ቀንድ አውጣ ሆድ ውስጥ ይራባል። ከዚያ የሚወጣው እጭ፥ የሚዋኝ ሕፃን ወይም ልብስ የምታጥብ እናት ባገኘ ጊዜ ባልቈሰለ ቆዳ እንኳ ሰርስሮ ይገባል። አድጎም በሽንት ፊኛ ዙሪያ ባሉት ደም ሥሮች ተቀምጦ ለዓመታት እንቁላል ይጥላል።

እንግዲህ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንሻው ነገር ይህ ነው፤ ትልቁን ጕዳት የሚያደርሰው ትሉ ራሱ አይደለም። ከእንቁላሎቹ ከፊሉ ከሽንት ጋራ ሲወጣ ከፊሉ በፊኛው ግድግዳ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። የሰውነት ዘበኞች የሆኑት ነጭ የደም ሕዋሳትም እንግዳውን ሊያጠፉ ይከቡታል።

ከመሣሪያዎቻቸው አንዱ ከኦክሲጅን የተሠራ ነው። የምንተነፍሰው ኦክሲጅን ሕይወታችን ሲሆን ብረትን የሚያዝገውም እርሱ ነው። ሕዋሳቱ ከእርሱ የሚያቃጥሉ ነገሮችን ይሠራሉ፤ ከነዚህም አንዱ ቍስል ማጠቢያ እየተባለ በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ነው። ሰውነት ይህን ቃጠሎ የሚያበርዱለት እንደ ካታሌዝና ግሉታታዮን ያሉ መከላከያዎች አሉት። ነገር ግን እንቁላሉ ጠንካራ ቅርፊት ስላለው ቶሎ አይጠፋም፤ በየቀኑም አዲስ ይጨመርበታል። ቃጠሎው ከማብረጃው ሲበልጥ ጤነኛው ሥጋ አብሮ ይጐዳል። ሐኪሞች ይህን ሁኔታ ኦክሲዴቲቭ ስትሬስ ይሉታል።

የተጐዱት ሕዋሳት ከሌሎች የሰውነት መልእክቶች ጋራ ሆነው ጠጋኝ ሕዋሳትን ይጠራሉ፤ ጠጋኞቹም ኮላጅን የተባለውን ጠንካራ ክር ይፈትላሉ። ጣታችንን ቢላዋ በቈረጠን ጊዜ ይህ ሥራ ያድነናል፤ ቍስሉ ሲደርቅ ሥራው ያበቃልና። በፊኛው ግን ነገሩ ስለማያቋርጥ ጠጋኙ መጠገኑን አይተውም፤ በክር ላይ ክር ይደርባል። ሳይለፋ የደረቀ ቍርበት እንደማይታጠፍ ሁሉ፥ የሚለጠጠውና የሚኰማተረው ፊኛም ይደድራል። የሽንት ቱቦ ሲጠብም ሽንት ወደ ኋላ ተመልሶ ኵላሊትን ይጐዳል፤ በሴቶችም ማሕፀንን ጨምሮ የመውለጃ አካላትን ያቈስላል። በሽታው ለብዙ ዘመን ከቈየ የፊኛ ካንሰርን ሊያመጣ ይችላል። በጉበት ላይ የሚበረታው ሌላው የቢልሃርዝያ ዓይነትም ተመሳሳይ ጠባሳ በጉበት ውስጥ ይተዋል።

ስለዚህ ጊዜ ትልቅ ነገር ነው። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በክብደት እየተመጠነ ሲሰጥ ያደጉትን ትሎች ይገድላል፤ እንቁላል የሚጥል ሲጠፋ ቃጠሎው እየበረደ ይሄዳል። ጠባሳው ገና ለጋ ከሆነ፥ በተለይ በልጆች፥ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፤ ከደደረ በኋላ ግን ፈጽሞ ለመጥፋት ያዳግታል። ኦክሲዴሽንን ይከላከላሉ እየተባሉ የሚሸጡ እንክብሎችም ትሉን ስለማይገድሉ የዚህን መድኃኒት ቦታ ሊተኩ አይችሉም። በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች የወንድ ልጅ ሽንት መቅላት የጕልምስና ምልክት እንደ ሆነ ይታሰብ ነበር፤ ይህ ግን የእንቁላሎቹ ሥራ ነው። እንግዲህ ወላጆች የልጃቸው ሽንት ደም ቢቀላቅል በፍርሃት ወይም በኀፍረት ሳይደብቁ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

መድኃኒቱ የዳነውን ሰው ዳግመኛ ከመያዝ አያድንምና ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከሁሉ አስቀድሞ ማንም በወንዝና በኩሬ አጠገብ አይሽና። የወንዝ ውሃ የግድ ከሆነ ለመታጠቢያ የሚሆነውን አፍልቶ ማቀዝቀዝ፥ ወይም ቀንድ አውጣ በማይገባበት ዕቃ ሁለት ቀን ማሳደር ነው፤ እጩ ከዚያ በላይ አይቈይምና። ለመጠጥ የሚሆነው ግን ይፍላ።

ቀንድ አውጣውን በማጥፋት ረገድ ደግሞ የአገራችን ሊቅ ስም ይነሣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. በዐድዋ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከዚያም የእንዶድን ኀይል በምርምር ገለጡ። ስለዚህም ሥራ እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በዚሁ አቈጣጠር በ1989 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል ማንም በገዛ ፈቃዱ በወንዝ ላይ ሊበትነው አይገባም።

ሰውነት ራሱን ሲከላከል ራሱን እንዲያቈስል ያስገደደው በውስጡ የቀረው እንቁላል ነው። የእንቁላሉም መንገድ የሚጀምረው ከወንዙ ዳር ስለ ሆነ፥ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ በዚያ የሚያደርገው ጥንቃቄ የልጆቹንና የጎረቤቱን ልጆች ጤና ይጠብቃል።