ውሳኔ ለችግሩ ሲቀርብ

በደቡብ ካርቱም የሚገኘው አል-ሳሃፋ ለብዙ ሐበሻ አዲስ ስም አይደለም። ከአገር አቋራጭ አውቶቡሶች መናኸሪያው ከሚና አል-በሪ ብዙም ሳይርቅ፣ በመተማና በገዳሪፍ በኩል የገቡ ወገኖቻችን ቤት ተከራይተው፣ ሠርተው፣ ልጅ አሳድገው የኖሩበት ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሹ ኃይል መዋጋት ሲጀምሩ የካርቱም ተቋማት በቀናት ውስጥ ተንኮታኮቱ። ባንኮች ተዘጉ፤ ሆስፒታሎች ተራ በተራ ሥራ አቆሙ፤ የባሕሪ የውኃ ማጣሪያ ጣቢያ ቆመ፤ መንግሥትም መቀመጫውን ወደ ፖርት ሱዳን አዛወረ።

በዚህ መሀል ሥራውን የተረከቡት በየሰፈሩ የተቋቋሙት የአደጋ ጊዜ ምላሽ ቡድኖች ናቸው። መሠረታቸው የ2018 እና የ2019 ሕዝባዊ ንቅናቄ ያፈራቸው የሰፈር ኮሚቴዎች፣ ከዚያም በፊት እንደኛ ደቦ ያለው የሱዳኖች ነፊር ነው። ቡድኖቹ ምግብ አበሰሉ፣ ቁስለኛ አነሱ፣ መውጫ መንገድ ጠቆሙ። በመላ አገሪቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሆነው በ2025 ራፍቶ የተባለውን የሰብአዊ መብት ሽልማት ተሸለሙ። የተቋማትን ውጤታማነት ለሚያጠኑ ሰዎች ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሳል፦ በጀት፣ ሕንፃና ባለሙያ የነበራቸው ድርጅቶች ሲወድቁ ምንም ያልነበራቸው እንዴት ሊሠሩ ቻሉ?

ከቡድኖቹ የአንዱን ማእድ ቤት ቀረብ ብለን እንየው። ሱዳኖች ተኪያ ይሉታል። በጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት ዞረው የቤተሰቡን ቁጥር ይመዘግባሉ። ገንዘብ ባንከክ በተባለው የስልክ መተግበሪያ ይደርሳቸዋል፤ ምስርና ፉል ከአቅራቢያ ነጋዴ ይገዛሉ፤ ጋዝ ሲጠፋ በእንጨት ያበስላሉ። የግዢ ደረሰኙ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ለበላይ አስተባባሪ ይላካል። ምን እንደሚበስል፣ በስንት ሰዓት እንደሚታደል፣ የትኛው መንገድ ዛሬ እንደሚያሰጋ የሚወስነው ግን እዚያው ያለው ሰው ነው። ከሰፈሩ በላይ የወረዳና የክፍለ ግዛት አስተባባሪዎች አሉ፤ ድርሻቸው ገንዘብ ማፈላለግና ማከፋፈል ነው።

ይህን አሠራር ሳይንሱ ቀድሞ ያውቀዋል። አሜሪካዊቷ ኤሊኖር ኦስትሮም በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኢንዲያናፖሊስ ከተማ ፖሊስን አጥንታ ነበር። የዘመኑ እምነት ትናንሾቹን የፖሊስ ጣቢያዎች ጠቅልሎ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ማድረግ ሥራን ያቀላጥፋል የሚል ነበር። እሷና ተማሪዎቿ በኑሮ ደረጃ የሚመሳሰሉ ሰፈሮችን መርጠው፣ ፖሊስ ሲጠራ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚደርስና እንዴት እንደሚያስተናግድ ነዋሪውን ጠየቁ። በትናንሽ የሰፈር ጣቢያዎች የሚገለገለው ሕዝብ ያገኘው አገልግሎት ከትልቁ የሚያንስ አልነበረም፤ በብዙ መለኪያም በለጠ። ኦስትሮም በኋላ የጋራ ሀብት አስተዳደርን አጥንታ በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ችግሩን የሚያየውና ውሳኔውን የሚሰጠው ሰው ሲራራቁ መረጃ በየደረጃው ይሸራረፋል፤ ትእዛዙም ሁኔታው ከተለወጠ በኋላ ይደርሳል። ኢምራን ራሱልና ዳንኤል ሮገር በናይጄሪያ ፌዴራል መንግሥት 4,700 ያህል የመንግሥት ፕሮጀክቶችን መርምረው በ2018 ያሳተሙት ጥናትም ይህንኑ ይደግፋል። ሠራተኛው በሙያው የመወሰን ነፃነት ባገኘባቸው መሥሪያ ቤቶች ፕሮጀክቶች ይበልጥ ተጠናቀዋል፤ ቁጥጥርና ማበረታቻ በበዛባቸው ደግሞ አፈጻጸሙ ዝቅ ብሏል።

ይሁን እንጂ ነፃነት ብቻውን ሥርዓትን አያቆምም። የአሠራር ተመራማሪዎች ማነቆ የሚሉት ነገር አለ፦ የአንድ ሥርዓት ጠቅላላ ውጤት የሚወሰነው እጅግ ጠባብ በሆነው መተላለፊያው ነው። በፌብሩዋሪ 2024 በሱዳን ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ በካርቱም በርካታ ማእድ ቤቶች ሥራ አቆሙ። አብሳዩም ድስቱም ነበሩ፤ የጠፋው ገንዘቡ የሚያልፍበት መስመር ነበር። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ እርዳታ ሲታገድ ደግሞ ከ1,100 በላይ ማእድ ቤቶች መዘጋታቸው ተነግሯል። አሠራሩ አልከሸፈም፤ በአንድ ምንጭ ላይ መንጠልጠሉ ነው የጎዳው። ማነቆውን ሳይለዩ ሌላውን ቢያሻሽሉ ድካም ብቻ ነው።

ይህ እውቀት ለእኛ ሩቅ አይደለም። ዕድር በአገር ቤት የዘመናት ልምድ ነው፤ ስቴፋን ዴርኮንና ባልደረቦቹ ከአሉላ ፓንክኸርስት ጋር በ2006 ባሳተሙት ጥናት ዕድሮች የተጻፈ ደንብ፣ የአባላት መዝገብ፣ የታወቀ መዋጮና ቅጣት ያላቸው የተደራጁ የዋስትና ተቋማት መሆናቸውን አሳይተዋል። ካይዘን የተባለው የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴም ውሳኔን ለችግሩ በማቅረብ መርህ ላይ የቆመ ነው። ኢትዮጵያ በ2009 በጃፓን ድጋፍ በ30 ፋብሪካዎች ሙከራውን ጀምራ በ2011 የካይዘን ኢንስቲትዩትን አቋቋመች። መነሻው ብክነትን ቀድሞ የሚያየው ማሽኑ አጠገብ ያለው ሠራተኛ ነው፤ ስለዚህ ሐሳቡን ያቅርብ፣ በሥራው ይሞከር፣ ውጤቱ ይለካ የሚል ነው።

የሱዳኑን ማእድ ቤት፣ ዕድርንና ካይዘንን ሲያስተያዩ የጋራ ነገራቸው ጎልቶ ይወጣል። ውሳኔው ለችግሩ ቅርብ ነው፤ መዝገብ በትክክል ይያዛል፤ ከበላይ ያለው አካል ሥራውን አይነጥቅም፣ ታች ያለው በራሱ የማይችለውን ግን ያሟላል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ውጤቱም አብሮ ይጎድላል። መዝገብ የሌለው ነፃነት ለምዝበራ ያጋልጣል፤ ደጋፊ የሌለው ሰፈር ይደክማል፤ ቁጥጥር ብቻ የሆነ መሥሪያ ቤት ወረቀት ይሞላል እንጂ ባለጉዳይ አያስተናግድም።

ስለዚህ አንድ ተቋም አልሠራ ሲል ከአዲስ መዋቅርና ከአዲስ ኃላፊ በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ችግሩን በየቀኑ የሚያየው ማን ነው? ለማስተካከልስ ምን ሥልጣንና ምን አቅርቦት አለው? የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ የቀበሌው መዝገብ ሹም፣ የፈረቃ ኃላፊው መልሱን ያውቁታል። እነሱን መጠየቅ ወጪ አይጠይቅም። የሚሉትን ሰምቶ ሥልጣን መስጠት ግን የበላዮችን ቆራጥነት ይፈልጋል፤ በተሐድሶ ዕቅዶቻችን ውስጥ በግልጽ ሊጻፍ የሚገባውም ይኸው ነው።