ገበያው ተሠራ፤ ቡናው ግን ስሙን አጣ

የቡና አቅራቢው የድሮ ራስ ምታት ዋጋ ብቻ አልነበረም። ቡናውን በጭነት መኪና አዲስ አበባ ወይም ድሬዳዋ አድርሶ፣ ጨረታ ጠብቆ ከሸጠ በኋላም ገንዘቡ መቼ እጁ እንደሚገባ አያውቅም። ገዢው «ነገ» ካለ፣ ነገ የተባለው ቀን ሳምንታትን ሊያስቆጥር ይችል ነበር። በእንዲህ ያለ ገበያ ሰው ከሚያውቀው ጋር ብቻ ይነግዳል፤ ደላላውም የሚፈለገው ዋጋ ስለሚያውቅ ብቻ ሳይሆን ማን ከፋይ፣ ማን አስለቃሽ እንደሆነ ስለሚለይ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 550/1999 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር፣ መሥራች ሥራ አስፈጻሚዋ ዶ/ር እሌኒ ገብረመድኅን በቅድሚያ ያተኮሩት በእህል ላይ ነበር። እህሉ ግን እንደታሰበው አልመጣም። መድረኩን የሞላው ቡና ነው፤ ቡናውም የመጣው ወድዶ ሳይሆን በአዋጅ ቁጥር 602/2000 ታዝዞ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሻጩ ቡናውን ለመጋዘን ያስረክባል፤ ይመዘናል፣ ይቀመሳል፣ ደረጃ ይወጣለታል። ከዚያ በኋላ የሚገበያየው በመጋዘን ደረሰኙ ነው። ገዢው ገንዘቡን አስቀድሞ ባንክ ያስገባል፤ ሻጩም በማግስቱ ይከፈለዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተገበያዮቹ ዋጋ እየጮሁ ይከራከሩና መዳፍ ለመዳፍ ተማትተው ይስማሙ ነበር፤ የከብት ገበያ ለሚያውቅ እንግዳ ነገር አልነበረም። የፈረሱላው ዋጋ በገጠር ከተሞች ሰሌዳና በስልክ ሲሰማ ደግሞ ሰብሳቢው ገበሬውን «አዲስ አበባ ወርዷል» ብሎ ማታለሉ ከበደው።

ጉድለቱ ከዚያው ከመጋዘኑ ወጣ። ቡናው በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ስለሚደባለቅ፣ የአንድን ይርጋጨፌ ማጠቢያ ጣቢያ ቡና ለይቶ ጥሩ ዋጋ ሊከፍል የፈለገ የውጭ ገዢ ከማን እንደገዛ የሚያውቅበት መንገድ ጠፋ። በቀጥታ መላክ የተፈቀደላቸው የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ግን ስማቸውን ይዘው ሸጡ። ክፍያውን ያስተካከለው ተቋም የምርቱን መለያ ደመሰሰው፤ ጥራት ላይ የደከመ አቅራቢም ድካሙ ከጎረቤቱ ቡና ጋር ተቀላቀለ። በሩ በሰፊው የተከፈተው በአዋጅ ቁጥር 1051/2009 ነው፤ አቅራቢና ላኪ በቀጥታ ውል መገበያየት ቻሉ።

ሌላው ችግር ምርት ገበያው ሊፈታው የሚችል አልነበረም። ዶላር በጠፋባቸው ዓመታት አንዳንድ ላኪዎች ቡናን እዚህ በውድ ገዝተው ውጭ በርካሽ ይሸጡ ነበር። ኪሣራውን የሚያካክሱት ባገኙት ዶላር ዕቃ አስገብተው ነው። ከቡና ብቻ ለማትረፍ የተነሣ ነጋዴ ከእነዚህ ጋር መወዳደር አይሆንለትም። የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ነው።

በቀጥታ ውል የሚሸጠው አቅራቢ ቡናው ስሙን ይዞለታል። የክፍያው ነገር ግን እንደገና በውሉና በላኪው ጠባይ ላይ ወድቋል፤ ከመፈረሙ በፊት የሚጠይቀውም ያንኑ የድሮውን ጥያቄ ነው፦ «ይህ ሰው ይከፍላል?»