የጓያ መርዝና የምርምር ጓዝ፤ የነርቭ ጥናት መሣሪያዎች በማን ገንዘብ ተሠርተው ለማን እንደሚዳረሱ

ዝናም ባጠረበት ዘመን፣ ሌላው አዝመራ ገበሬውን ሲከዳው፣ ጓያ በመረሬው መሬት ላይ በቀረችው እርጥበት በቅሎ የድኻውን ነፍስ የሚያሰነብት እህል ነው፤ ነገር ግን ለወራት ብቻውን ሲበላ እግርን የሚያዙትን ነርቮች አበላሽቶ ጎልማሳውን በምርኩዝ ያስቀረዋል፣ ለዚህም ደዌ እስከ ዛሬ ፈውስ አልተገኘለትም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠሮች ሕመሙን መርምረው ከገለጹ በኋላ፣ በዚያን ጊዜ በሰሜን ወሎ ሥር በነበረው በደላንታ ዳውንት የተነሣውን ወረርሽኝ ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 በላንሴት መጽሔት አስታወቁ፤ ቀጥሎም ጓያውን ከሌላ እህል ቀላቅሎ፣ ቅመም በገባበት ወጥ መብላት ጉዳቱን እንደሚያቃልል፣ ቆሎው፣ ንፍሮውና እሸቱ ግን እንደሚያከብደው አሳዩ።

የነርቭ ምርምር በሊቃውንቱ አእምሮ ብቻ የሚከናወን የሚመስለው አንባቢ አይፈረድበትም፤ ወጪው የሚታየው ቤተ ሙከራው ሲገባ ነው። ኦዳፕ የተባለው የጓያ መርዝ እ.ኤ.አ. በ1964 በሕንድ ሊቃውንት ተለይቶ ከታወቀ ወዲህ፣ ተጣርቶ ሲገኝ የነርቭ ሴል ከልክ በላይ ተቀስቅሶ እንዴት እንደሚሞት መመርመሪያ ሆኗል። መጠኑን ለማወቅ ፍሬው ተፈጭቶ በአልኮል ይዘፈዘፋል፤ ፈሳሹ ከፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር በፈላ ውኃ ከቆየ በኋላ ኦርቶፍታላልዲሃይድ የተባለው ቅመም ሲጨመርበት ቢጫ ቀለም ያወጣል፣ የቢጫውም ድምቀት በስፔክትሮፎቶሜትር ይለካል። መለኪያው አንድ ጊዜ ተገዝቶ ለዓመታት ያገለግላል፤ ቅመሙ ግን ያልቃል፣ ቀለሙ የሚነጻጸርበት የመርዙ ማመሳከሪያ ይበላሻል፣ መርዙ አነስተኛ የሆነውም ዘር ንብ ከጎረቤት ማሳ በምታመጣው ብናኝ ስለሚደባለቅ ተለይቶ መታደስ አለበት። ለጋሹ ለአዲስ ግኝት በፈቃዱ ሲሰጥ ለጥበቃው ግን እጁን ይሰበስባል፤ ዋናው ጉድለት ይህ ይመስለኛል።

በባሕር ማዶ ለዚህ የተገኘው መላ ልዩ ልዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የተመሠረተው አድጂን ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሲሆን፣ ተመራማሪዎች የሠሩትን የዘረመል ቅንጣት ተቀብሎ፣ ጠብቆ፣ በመጠነኛ ክፍያ ለጠያቂው ይልካል፤ የነርቭን እንቅስቃሴ በብርሃን የሚያሳየው ጂካምፕም ለዓለም የተዳረሰው በዚሁ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታወጀው የአሜሪካ የአንጎል ምርምር ውጥንም መሣሪያውን ለሚያመርቱና ለሚያዳርሱ ማዕከላት ጭምር ገንዘብ መድቧል።

የእኛም ሀገር ከዚህ ልማድ ባዳ አይደለችም፤ በአዲስ አበባ የሚገኘው የዘር ባንክ እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን መንግሥት ርዳታ ተቋቁሞ የገበሬውን ዘር ሲጠብቅ ኖሯል። ጓያን ጨምሮ የብዙ ሰብሎች ዘር ያለው ዓለም አቀፉ የግብርና ምርምር ማዕከል ኢካርዳም የሶርያ ጦርነት ከሐለብ ባራቀው ጊዜ፣ አስቀድሞ በኖርዌይ ስቫልባርድ ባለው የዘር ማከማቻ ካስቀመጠው ቅጂ እ.ኤ.አ. በ2015 አስመልሶ እንደገና አባዝቷል፤ ቅጂውን በሌላ ስፍራ ለማኖር የወጣው ገንዘብ ባይኖር ኖሮ የብዙ ዘመን ድካም በከንቱ በቀረ ነበር።

ወደ ወሎ ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በሰሜኑ ጦርነት ወልድያ ስትያዝ የወልድያ ዩኒቨርሲቲና በሀብሩ ወረዳ ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ተዘርፈው ጉዳት ደርሶባቸዋል። ዩኒቨርሲቲው በመርሳ ግቢው ግብርናን ሲያስተምር፣ ሲሪንቃም ዘር ማሻሻልን የሚያውቅ ነውና፣ ጓያን የሚመረምር የጋራ ቤተ ሙከራ ለማቆም ከዚህ የተሻለ ስፍራ በወሎ አላውቅም። እንግዲህ በጀት የምትመድቡ ሹማምንትም፣ በውጭ ሀገር የምትኖሩ የወሎ ልጆችም፣ መለኪያ ገዝታችሁ ስታስረክቡ የቅመሙን፣ የዘር ማደሻውንና የጠባቂውን ደመወዝ ጭምር መድቡ፤ የተሰናዳውም ዘርና ማመሳከሪያ ለጠየቀ ተመራማሪ ሁሉ እንዲሰጥ በውላችሁ ላይ አስፍሩ።