ሲሚንቶ ላይ የተሠራ መደብ

አዳማ ውስጥ ግቢውን ሲሚንቶ የማያስለብስ ባለቤት ጥቂት ነው። አልፈርድም፤ ያ የበጋ ንፋስ አቧራውን እያነሳ ሳሎን ድረስ ሲያስገባ ማን ይወዳል? ስለዚህ ጓሮ አትክልት እንዳለማላቸው የሚጠሩኝ ሰዎች የሚያሳዩኝ አብዛኛውን ጊዜ አፈር የሌለው ግቢ ነው። «ሲሚንቶው ይፈንቀል?» ይሉኛል። አያስፈልግም። በብሎኬት ታጥሮ ከፍ ያለ መደብ ሊሾ ላይም ሆነ ኮብልስቶን ላይ ቆስጣውንም ቃሪያውንም ያበላል። ሰዉ ስለ አፈሩና ስለ ዘሩ ይጠይቀኛል፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት የማየው ውሃው በየት እንደሚወጣ ነው።

ደምበላ አካባቢ አንዲት እናት መደቡን አሠርተው፣ ቆስጣውም በቅሎ፣ ግን ቢጫ ሆኖባቸው ጠሩኝ። አንድ ረድፍ ብሎኬት ነው፤ ከፍታው 20 ሳንቲ ሜትር። ዙሪያው በሲሚንቶ ተለስኗል፣ ከውስጡ እኩሌታው ጠጠር ነው። አንዱን ቆስጣ ነቅዬ ሳየው ሥሩ ጠቁሮ ይሸታል። «ልጄ፣ ጠጠሩ ውሃውን ያወርደዋል ተብዬ ነው» አሉኝ።

ይህን ምክር በየቤቱ እሰማዋለሁ፤ ትክክል አይደለም። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ አስመጣሁና ውሃ አጠጥቼ በጠፍጣፋው ያዝኩት። መንጠባጠቡን ሲያቆም በቁመቱ አዞርኩት፤ ከታች እንደገና ውሃ ወረደ። የተጨመረ ውሃ የለም፣ የተለወጠው ከፍታው ብቻ ነው። አፈርም እንዲሁ ነው፤ የታችኛው ክፍሉ ውሃ እስኪጠግብ ድረስ ወደ ጠጠሩ አያንጠባጥብም። ከሥር ጠጠር ሲገባ አፈሩ ይሳሳል፣ ረግረጉም ወደ ሥሩ ይጠጋል።

ጠጠሩን አወጣን። ሁለተኛ ረድፍ ብሎኬት ጨምረን ከፍታውን 40 ሳንቲ ሜትር አደረስነው። የታችኛውን ረድፍ ልስን አንስተን በብሎኬቶቹ መካከል የጣት ስፋት ክፍተት ተውን፤ አፈሩ አብሮ እንዳይወጣ በውስጥ በኩል አሮጌ የማዳበሪያ ጆንያ አለበስነው። ከዚያ ፑሚስ አስመጣን። ስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራው የተወለት ሀብት ነው፤ ብሎኬት አምራቾቹ ሁሉ ያውቁታል። ቀላል ነው፣ ቀዳዳዎቹ አየርም እርጥበትም ይይዛሉ። ቦታው ግን ከሥር አይደለም፤ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ፑሚስ ሆኖ ይደባለቃል። ለኮምፖስቱ የጋሪ ፈረስ ፋንድያ አለ። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ዶሮ የያዘ ቤት ደግሞ ኩስ አያጣም፤ ሳይብላላ ከተጨመረ ግን ችግኙን ያቃጥላል።

ውሃው መውጫ ሲያጣ ሌላም ጉዳት አለው። በአካባቢያችን ያሉ ብዙ የጉድጓድ ውሃዎች ሶዲየምና ፍሎራይድ ይበዛባቸዋል፤ ወንጂ ላይ ፍሎራይዱ በሰው ጥርስና አጥንት ላይ ያደረሰው ጉዳት ይታወቃል። ለአትክልት የሚያስቸግረው ይበልጥ ሶዲየሙ ነው። ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። የመደቡ ጠርዝ ነጭ አመድ የተነሰነሰበት መስሎ፣ የሰላጣው ቅጠል ዳር ዳሩ ሲቃጠል ካያችሁ ሌላ በሽታ ከመፈለጋችሁ በፊት ውሃውን ጠርጥሩ። ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣው የቧንቧ ውሃ ይሻላል። መውጫ ያለውን መደብ ደግሞ የክረምቱ ዝናብ ራሱ ያጥበዋል።

ቦታ ስትመርጡ የግቢውን ተዳፋት እዩ። መደቡ ተዳፋቱን አቋርጦ ከተቀመጠ የሐምሌ ጎርፍ ይገታና ወደ በረንዳ ይመለሳል። ከቤቱ ግድግዳም ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይራቅ፤ አለበለዚያ እርጥበቱ ልስኑን ያረግፈዋል። ሲሚንቶው የቀን ሙቀቱን እስከ ምሽት ስለሚይዝ የጤፍ ጭድ ጉዝጓዝ አይቅር፤ ንፋሱ እንዳይወስደው ጭራሮ ይጫንበት።

አሁን አሁን ጣሪያ ላይ፣ ሶሌታው ላይ ሥራልኝ የሚለኝ በዝቷል። 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እርጥብ አፈር በካሬ ሜትር ወደ 500 ኪሎ ይጠጋል፤ ለመኖሪያ ቤት ወለል በተለምዶ የሚታሰበው ተጨማሪ ጭነት ግን 200 ኪሎ ገደማ ነው። ቤቱን የነደፈው መሐንዲስ አይቶ ካልፈቀደ እዚያ መደብ አልሠራም። እስከዚያው መሬት ላይ፣ በሩ አጠገብ፣ የተበሱ የቀለም ባልዲዎች ደርድረን በሶብላና ቃሪያ እንተክላለን።