አጎበር ያለው ሃሞክ ለቆላ ነጋዴ ያዋጣል?

የሰሊጥ ወቅት ሲደርስ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው ነጋዴ፣ ደላላና ሹፌር ስለ ዋጋና ስለ ጭነት እንጂ ስለ መኝታው ብዙም አያስብም። ጭነት ሲዘገይ መኪናው ላይ፣ ተራ ሲጠበቅ ደግሞ ሸራ አንጥፎ መሬት ላይ ያድራል። የዚህ አዳር ዋጋ ግን የኋላ ኋላ ይከፈላል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው አኃዝ መሠረት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበው 1,157 ሰዎች ሞተዋል። ሰሊጥ የሚታጨድበትና ገበያ የሚደራበት ጊዜ፣ ክረምቱ ወጥቶ ወባ ከሚበረታበት ወቅት ጋር አንድ ነው።

ለእንዲህ ያለው መንገደኛ ከሚቀርቡት የካምፕ ዕቃዎች መካከል አጎበር አብሮት የተሰፋ ሃሞክ አንዱ ነው። ለመሆኑ ሃሞክ ምንድነው? በሁለት ዛፍ ወይም ምሰሶ መካከል የሚታሰር የጨርቅ መኝታ ነው። ስሙ ከካሪቢያን ደሴቶች ነባር ሕዝብ ከታይኖዎች በስፓኞች በኩል ለዓለም የደረሰ ነው። አጎበርና የዝናብ ጣሪያ የተሰፋለትን ዓይነት የአሜሪካ ጦር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓስፊክ ጫካ ለተሰለፉ ወታደሮቹ አድሏል። ዛሬ የሚሠራው ከቀላል ናይለን ሲሆን፣ ተጠቅልሎ ከአንድ ጋቢ ያነሰ ቦታ ይይዛል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። የተለመደው አጎበር የሚሰቀልበት ጣሪያ ወይም ማሰሪያ ይፈልጋል፤ ሜዳ ላይ የሚያድር ሰው ይህንን አያገኝም። በሃሞኩ ግን መኝታውና አጎበሩ አንድ ዕቃ ናቸው። ከዚህም ሌላ ሰውየውን ከእርጥብ መሬት፣ ከጊንጥና ከእባብ ከፍ ያደርገዋል። በማዕከላዊ ቬትናም በኒን ቱዋን ክፍለ ሀገር፣ ጫካ ውስጥ እያደሩ ለሚያርሱ ገበሬዎች ፀረ ነፍሳት መድኃኒት የተነከረ ሃሞክ ታድሎ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ሃሞኩ በታደለባቸው መንደሮች ወባ የቀነሰው ካልታደለባቸው ይበልጥ ነው። እዚህ ላይ መድኃኒት የተነከረ መሆኑ ይሰመርበት፤ ለሽርሽር ተብለው ከሚሠሩት ብዙዎቹ መድኃኒት የላቸውም።

ገዥው በቀለሙና በቦርሳው ተማርኮ የማያያቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የሥረኛው ጨርቅ ነው። በሰው ክብደት የተወጠረ ስስ ናይለን ከጀርባ ጋር ስለሚጣበቅ ትንኝ ከሥር ሆና ትነድፋለች፤ ከላይ ያለው አጎበር ምንም አይረዳም። በመሆኑም ሥሩ ድርብ የሆነውን መምረጥ፣ ካልሆነም ወፍራም ጋቢ ወይም ፍራሽ ነገር በመካከል ማንጠፍ ያስፈልጋል። ሁለተኛው የአጎበሩ ቀዳዳ ነው። ለወባ ትንኝ የተለመደው አጎበር በአንድ ካሬ ኢንች 156 ያህል ቀዳዳ አለው። ካላ አዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ግን ቁመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በዚህ ቀዳዳ ታልፋለች። እሷን የሚያግደው ደቃቅ አጎበር ደግሞ ነፋስ ስለሚቀንስ በሁመራ ሙቀት ውስጥ ለመተኛት ትዕግሥት ይጠይቃል።

አሰቃቀሉም ሒሳብ አለው። ገመዱ ከአግድም መስመር 30 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ካዘመመ፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በእያንዳንዱ ጫፍ የሚያሳርፈው ጉተታ 70 ኪሎ ነው። «ይወጠርልኝ» ብሎ ወደ 10 ዲግሪ ያወረደው ሰው ግን ጉተታውን ወደ 200 ኪሎ ያደርሰዋል፤ ስፌትና ገመድ የሚበጠሰው በዚህ ነው። ለማሰሪያ ሰፋ ያለ ጠፍር ይሻላል። ሹፌሮች ለሁሉ ነገር የሚጠቀሙበት ከመነዳሪ ስለሚለጠጥ ሌሊቱን ሰውየውን መሬት ያስነካዋል። ሲተኙም በቀጥታ ሳይሆን በሰያፍ መተኛት ጀርባን ያቃናል፤ ክርንና ጉልበት አጎበሩን እንዳይነካ ማየት ግን ያሻል፤ የነካው አካል ይነደፋልና። አንዱን ጫፍ መኪና ላይ የሚያስር ደግሞ መኪናው ከእሱ በፊት እንደማይነሳ ያረጋግጥ።

ትልቁ ችግር ያለው ዛፉ ላይ ነው። የሰሊጥ እርሻ የተመነጠረ ሜዳ ነው፤ የተረፈው ዛፍ በአብዛኛው ግራር ነው። የአሸዋ ዝንብ የምትራባው ደግሞ እዚያው፣ በግራር ሥርና በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ውስጥ ነው። በቃፍታ ሁመራ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ ሌሊት ግራር ሥር መተኛት ለካላ አዛር ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ መሆኑን አሳይቷል። ዝንቧ በተለይ የምትበዛው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ወቅት ስለሆነ፣ መሬት ለማዘጋጀት ቀድሞ የሚወርደው ሰው ከአጫጁ ይበልጥ ይጠንቀቅ። ተራ አጎበር ያለውን ሃሞክ ግራር ላይ ሰቅሎ «ተጠብቄአለሁ» የሚል ሰው ከወባ ሸሽቶ ወደ ካላ አዛር ሄዷል ማለት ነው።

እንግዲህ ዕቃው ለማን ያዋጣል? መኪና ላለው፣ ቦታ ለሚቀያይርና ለብቻው ለሚያድር ሰው፣ ማለትም ለሹፌር፣ ለገዥ ወኪል፣ ለቀያሽና ለጉድጓድ ቆፋሪ ቡድን ይሠራል። ለቀን ሠራተኛ ጅምላ ለማቅረብ የሚያስብ አስመጪ ግን ቆም ይበል። 200 ሠራተኛ በአንድ ረድፍ ለመስቀል 201 ምሰሶ መትከል ያስፈልጋል፤ ዝናብ ያራሰው ጥቁር አፈር ደግሞ ምሰሶ አይዝም። በዚያ ላይ መንግሥት አጎበር በነፃ ያድላል። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ዕቃ ከነፃ ዕቃ ጋር መወዳደር ከብዶታል። ለአሠሪው በዳስ ውስጥ አጎበር የሚሰቀልበት ሽቦ መዘርጋት የተሻለ ወጪ ነው።

ለማዘዝ የቆረጠ ሰው ብዙ ከመጫኑ በፊት አንድ ናሙና ያስመጣና በማስመሪያ አንድ ኢንች ለክቶ ቀዳዳዎቹን ይቁጠር፤ በአንድ መስመር ከ12 እስከ 13 ከሆኑ የወባ ትንኝ አጎበር ብቻ ነው። ዚፑንም አምስት ስድስት ጊዜ ከውስጥ ሆኖ ይክፈት ይዝጋ፤ የወባ ትንኝ ገና በምሽት እራት ላይ መንደፍ ስለምትጀምር ዚፑ አስቸጋሪ የሆነ ሃሞክ ውስጥ በጊዜ የሚገባ የለም።