ያለ ገመድ ስለሚሠራው ማይክሮፎን

ስብሰባ ሲዘጋጅ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ሻዩና ስለ ተናጋሪዎቹ ተራ አስቀድሞ ይታሰባል፤ ስለ ማይክሮፎኑ ግን የሚታሰበው ድምፁ ሲቋረጥ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ አዳራሹ በሙሉ ባለሙያ ይሆናል። አንዱ «ባትሪው ነው» ይላል፤ ሌላው ማይክሮፎኑን በመዳፉ ይመታል፤ ሦስተኛው ያገኘውን ቁልፍ ሁሉ ያዞራል። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለሆንን ይህን ጉዳይ ለኢንጂኔሪንግ ወንድሞቻችን መተው በተገባን ነበር። ነገር ግን በማኅበሩ ስም መድረክ የምናሰናዳው አብዛኛውን ጊዜ እኛው ስለሆንን፣ ጠይቀንና ሞክረን የተረዳነውን ያህል ለጓደኞቻችን ልንገልጽ ተነሣን።

ይህ ዕቃ ገመዱ የተቆረጠለት ማይክሮፎን ሳይሆን ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ነው። ተናጋሪው በእጁ የያዘው ማስተላለፊያ ነው፤ ከመድረኩ አጠገብ የሚቀመጠው ሣጥን መቀበያ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ አየር ነው። (ሹር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1953 ከቀደምቶቹ አንዱን ሲያወጣ «ቫጋቦንድ» አለው፤ ተንከራታች እንደ ማለት ነው። ስሙ እስከ ዛሬ ይስማማዋል።) የማስተላለፊያው ኀይል ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 50 ሚሊዋት ነው። የቴሌቪዥን ማሠራጫ ግን በሺህ በሚቆጠር ዋት ይናገራል፤ አብዛኞቹ ማይክሮፎኖችም የሚሠሩት ከ470 ሜጋኸርዝ በላይ፣ ለዚሁ ለቴሌቪዥን በተሰጠው ክልል ውስጥ ነው። ስለዚህ ማይክሮፎናችን በትልቅ ሰው ቤት በእንግድነት የሚኖር ድኻ ዘመድ ነው፤ ባዶ ክፍል ፈልጎ ካልገባ ማንም አይሰማውም።

እንግዲህ ቀጨኔን ምሳሌ እናድርግ። ሰፈሩ ከእንጦጦ ግርጌ በዳገት ላይ ያለ ሲሆን ከተማው ወደ ደቡብ ዝቅ እያለ ይሄዳል። ከፍ ካለው ግቢ ቆሞ ወደ ታች የሚመለከት ሰው ከተማውን በሰፊው ያያል፤ ሰው የሚያየውን አንቴናም ያያል። በሸለቆ ውስጥ ኮረብታው የሚጋርድልንን የሩቅ ማሠራጫ እዚያ ላይ ሆኖ መቀበያችን በግልጽ ይሰማዋል። በዚህ ላይ ቆርቆሮው አለ። ሞገድ ከቆርቆሮ ጣራና ግድግዳ እየነጠረ ይመለስና በቀጥታ ከመጣው ጋር ሲገናኝ አንዳንዴ ይደጋገፋል፤ አንዳንዴም ይጠፋፋል። በ500 ሜጋኸርዝ የአንድ ሞገድ ርዝመት 60 ሳንቲሜትር ስለሆነ፣ ድምፅ በጠፋበት ቦታ የቆመ ሰው አንድ እርምጃ ፈቀቅ ሲል ድምፁ ይመለሳል። ጥሩ መቀበያ ሁለት አንቴና የሚኖረው ስለዚህ ነው፤ አንዱ ሲደነቁር ሌላው ይሰማል።

በዚሁ ሰፈር ከሸክላ ሠሪ እናቶች ጋር በተደረገ ውይይት ተገኝተን ነበር። ለመድረኩ ባለ ገመዱ ማይክሮፎን ተተከለ፤ ገመድ የሌለው ደግሞ ከኋላ በቆርቆሮው ግድግዳ ሥር ለተቀመጡት እናቶች ተሰጠ። የማጉያው አከራይ መቀበያውን ከብረት ጠረጴዛ ሥር ከቶት ኖሯል። አንዲት ጀበና የሚሠሩ እናት ስለ ማገዶ ዋጋ መናገር ሲጀምሩ ድምፃቸው ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። ከመድረኩ «እማማ፣ ጠጋ አድርገው ይያዙት» ተባሉ። እርሳቸውም «ግድ የለም ልጄ፣ እናንተው ተናገሩ» ብለው ማይክሮፎኑን መልሰው ተቀመጡ። ከሻይ በኋላ መቀበያው ከጠረጴዛው ላይ ሲወጣ ዕቃው ያለ እንከን ሠራ፤ እናቲቱ ግን ዳግመኛ አልተነሡም። ልብ በሉ፤ ያለ ገመድ የሚሠራው ማይክሮፎን ሁልጊዜ የሚደርሰው ለታዳሚው፣ ማለትም መናገር ላልለመደው ሰው ነው። ሲበላሽ ዝም የሚያሰኘውም እርሱን ነው።

ስለሆነም መቀበያው ተናጋሪዎቹ በሚታዩበት ቦታ፣ ከተቀመጠው ሰው ራስ ከፍ ብሎ፣ ከብረት ሣጥንና ከኮምፒዩተር ርቆ ይቀመጥ። ከዚያ ማስተላለፊያዎቹን ሁሉ አጥፍታችሁ የመቀበያውን መብራት ተመልከቱ። እናንተ ዝም ብላችሁ ሳለ መብራቱ ሞገድ አለ የሚል ከሆነ ሌላ ሰው በዚያ እየተናገረ ነውና ቁጥሩን ለውጡ። ቀጥሎ አንድ በአንድ አብሩ፤ የፊተኛውን ግን አታጥፉ። አንዱ እየተናገረ እስከ መጨረሻው ወንበር ይሂድ፤ ሌላው ከመቀበያው ዘንድ ሆኖ ያዳምጥ። ሰው ሲሞላ ሁኔታው እንደሚብስ አስቡ፤ ጋቢ ሞገድን አያግድም፣ ሰውነት ግን ያግዳል። የብዙዎቹ የእጅ ማይክሮፎኖች አንቴና ከግርጌያቸው ስለሆነ ታችኛውን ጫፍ ጨብጦ መያዝ አንደበትን እንደ መያዝ ነው።

ሁለት ሦስት ማይክሮፎን ባንድነት ሲሠራ የሚመጣው ችግር ግን ከሁሉ የተሰወረ ነው። ሁለት ማስተላለፊያዎች ሲቀራረቡ ያልተጠራ ሦስተኛ ይወልዳሉ። አንዱ በ500.0፣ ሌላው በ500.4 ቢሆን በ499.6ና በ500.8 ሐሰተኛ ሞገድ ይፈጠራል። ሥርዐት ወዳዱ ሰው ሦስተኛውን በእኩል ርቀት ብሎ 500.8 ላይ ያደርገዋል፤ በትክክል ወጥመዱ ላይ። ርቀቱ እኩል አይሁን፤ በመቀበያው ላይ የተዘጋጁ ምድቦች ካሉም ሁሉንም ከአንድ ምድብ መምረጥ ይበጃል።

ከውጭ አገር በዘመድ የሚመጣ ዕቃም አለ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 ከ698 እስከ 806 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል፣ በ2020 ደግሞ ከ600 በላይ ባለው አብዛኛው ክፍል እነዚህን ማይክሮፎኖች ከልክላለች። አፍሪካ ባለችበት ቀጠናም ከ694 በላይ ያለው ለተንቀሳቃሽ ስልክ እንዲውል በ2015 በዓለም አቀፍ ጉባኤ ተወስኗል። ስለዚህ ስጦታውን ከማመስገን አስቀድሞ ከጀርባው የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ነው። የተፈቀደውን ለማወቅ የሚጠየቀው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

የባትሪው ነገር አጭር ነው። ተራው 1.5 ቮልት፣ የሚሞላው 1.2 ቮልት ስለሆነ አንዳንዱ መቁጠሪያ የሞላውን ባትሪ ሊያልቅ ነው ይላል። የሚያፏጨው ጩኸትም የሬዲዮ ጥፋት አይደለም፤ ማይክሮፎኑ ከእስፒከሩ ፊት ስለ ቆመ ነው።

ባለ ገመድ ማይክሮፎን አንድ ብቻ ካላችሁም በ20 ሜትር ገመድ ወደ ታዳሚው ውሰዱት፤ ድምፁ በዚያ ርቀት አይደክምም። ገመድ የሌለውን የመድረኩ ሰው ይያዘው፤ ቢቋረጥበት መጮኽ ይችላል።