የረጅሙ አንቴና ትዝታ

ሬዲዮውን ከፍተው ላያወሩበት ይችላሉ፤ የ1970ዎቹን መኪናቸውን የሚያድሱ አሜሪካውያን ግን የሲቢ አንቴናውን ካልተከሉ ሥራው ያለቀ አይመስላቸውም። አልፈርድባቸውም። ያ ዘንግ መልኩን ያገኘው ከፊዚክስ ነው።

ሲቢ ተራው ሕዝብ በአጭር ርቀት እንዲነጋገርበት የተፈቀደ ሬዲዮ ሲሆን፣ በ27 ሜጋኸርዝ አካባቢ የተመደበለት በ1958 ነው (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚህ ድግግሞሽ አንድ ሞገድ 11 ሜትር ገደማ ይረዝማል። መኪና ላይ የሚተከል አንቴና ደግሞ የሞገዱን ሩብ ቢያህል ጥሩ ያስተላልፋል። የቀረውን ድርሻ የመኪናው ላሜራ ይወጣለታል። ስለዚህ 2.6 ሜትር የሚሆን የብረት ዘንግ ከ15 ሴንቲ ሜትር ሞላ ጋር ከኋላ ፓራውልት ላይ ይታሰራል። ሞላው ዘንጉ ከቅርንጫፍ ሲጋጭ እንዳይሰበር ነው፤ ጋራዥ ሲገባ ጫፉን ወደ ፊት ጎትቶ ማሰር ግድ ይላል። የሚገርመው፣ ዘንጉ በኋላ ግራ ጥግ ከተተከለ ድምፁ ይበልጥ የሚበረታው ወደ ፊት ቀኝ ነው፤ ላሜራው በብዛት ያለው በዚያ በኩል ነዋ!

ይህን ሁሉ ርዝመት ያልፈለገ ሰው ጥቅል ሽቦ ያለበትን አጭር አንቴና ይገዛል። ጥቅሉ የጎደለውን ርዝመት ያካክሳል፤ በምላሹ ከኃይሉ የተወሰነውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ሕጉ የሚፈቅደው 4 ዋት ብቻ ስለሆነ ብክነቱ ቀላል አይደለም። በግራና በቀኝ ስፖኪዮ ላይ የሚተከሉት መንትያ አንቴናዎችም ለሰፊ የጭነት መኪና ይሠራሉ፤ ትንሽ የቤት መኪና ላይ ግን እውነቱን ለመናገር ጌጥ ናቸው።

ሲቢ የገነነው በ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ነው። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት ወደ 88 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲወርድ፣ የጭነት መኪና ሹፌሮች ነዳጅ ያለበትን ማደያና የትራፊክ ፖሊስ ያደፈጠበትን ቦታ በሬዲዮ ይጠቋቆሙ ጀመር። የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ቤቲ ፎርድ እንኳ «ፈርስት ማማ» በሚል የሬዲዮ ስም ገብተውበታል። መስመሩ ስለተጨናነቀ በ1977 ቻናሎቹ ከ23 ወደ 40 አደጉ። ሌቦችም ነቁ፤ ረጅም አንቴና ካለ ውስጥ ሬዲዮ አለና። በዚህ የተነሳ ተራ የመኪና ሬዲዮ አንቴና የሚመስሉ የሲቢ አንቴናዎች ገበያ ላይ ዋሉ። በኋላ ተንቀሳቃሽ ስልክ መጥቶ አብዛኛውን ተጠቃሚ ወሰደው።

ሞገዱ ግን ዛሬም ያው 11 ሜትር ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ለሲቢ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ሹፌሮች አሁንም ቻናል 19 ላይ ይገኛሉ። አሮጌ ዘንግ እጅዎ ከገባ ከሥሩ ያለውን ዝገት ይጥረጉ፣ ገመዱንም ይፈትሹ። ከመናገርዎ በፊት ደግሞ ከአንቴናው ተመላሽ የሚሆነውን ኃይል በመለኪያ ይዩ፤ ከበዛ ማስተላለፊያውን ያቃጥልብዎታል።